የመምህሩ ትርፍ ጊዜ

«እስኪ ይዩትና ይፈርሙልኝ፣ እትዬ» አለ ብሩክ፤ የተተየበውን ወረቀትና እስክሪብቶ ለሸዋዬ እያቀበላት።

ባለቤቷ መምህር አስናቀ ከተቀበረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ትናንት ፈርሷል። ሰዉ ወደየሥራው ተመልሶ፣ ዛሬ ፍራሹ ላይ አብራት የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ባለ ሱቋ መዲና ብቻ ናት። ብሩክ የአስናቀ የድሮ ተማሪ ነው፤ ጓደኞቹን አስተባብሮ ለአርባው የመምህሩን የሕይወት ታሪክ ሊያሳትም ይሯሯጣል።

ሸዋዬ መነጽሯን አድርጋ ዓይኗን ከላይ ወደ ታች አወረደች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመምህር ሚስት ሆና ይህን ተክናበታለች።

«ጥሩ ነው፣ ተባረክ» አለችና ፈረመች። ፊርማውንም ያስጠናት አስናቀ ነው።

ብሩክ ደስ አለው። «ዓሣ ማጥመድ እንደሚወዱ እኮ አላውቅም ነበር! ከጡረታ በኋላ በየቀኑ ወደ ጣና ይወርዱ እንደነበር ሰው ነገረኝና ስለ ትርፍ ጊዜያቸው ያንን ጻፍሁ። እርስዎ ካረጋገጡልኝ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት አስገባዋለሁ።»

ሸዋዬ ክው አለች። አስናቀና ዓሣ! ጫማው እንዳይረጥብ ከውሃው የሚሸሽ ሰው! ልቦለድ በብብቱ ሸጉጦ ቀድሞ ይወርዳል፤ እሷ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ትከተለዋለች። ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጠው ያነብላታል። ነጋዴ ሲናገር ድምፁን ያጎረንናል፣ ሴት ስትናገር ያቀጥናል፤ እሷ በሳቅ ትሞታለች። መንገደኛ ሲመጣ ተራዋን የምታነብ እንድትመስል መጽሐፉን ጭኗ ላይ ያኖርላታል። ገበናዋን እንዲህ ነበር የሚሸፍንላት። «አስተምረኝ» ብላው ታውቃለች፤ «አንቺ ማንበብ ከቻልሽ እኔ ጡረታዬን በምን ልግፋው?» ብሎ አሳቃት። አሁን ግን ተናደደችበት። ድምፁን ይዞ ሄደ፣ እሷን ከነመነጽሯ ጥሎ።

ብሩክ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ዝም ካለች ነውሯ እንደተሸፈነ ይኖራል። አስናቀ ግን በየተማሪው ቤት ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ይቀራል። ሾላው ሥር ያሳለፉትንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

«ቆይ ልጄ» አለች። «አላነበብሁትም።»

«ደክሞዎት ነው እትዬ። ትቼልዎት ልሂድ፣ ማታ ያዩታል።»

«ማታም አላየው። ማንበብ አልችልም። እሱ ነበር የሚያነብልኝ።»

መዲና ዞር ብላ አየቻት። «ለካ ለዚህ ነው፣ የልጄን ደብዳቤ ባመጣሁልሽ ቁጥር "ለአስናቀ ስጪው" የምትዪኝ! እኔ ደግሞ የኮራሽብኝ መስሎኝ።»

«አፍሬ ነው፣ መዲና።»

ብሩክ ወረቀቱን መልሶ አወጣና የዓሣውን ነገር ሰረዘው። «እና ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ለሚስቱ ያነብላት ነበር በል።»

ጻፈው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «ከመጀመሪያው ላንብብልዎት?»

ሸዋዬ ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ጠጋ አለች።