በብር ሰሌዳ ላይ ያለችው እናት

አይቮር ፓስኮ አርባ ዓመት ሙሉ አሮጌ ካሜራ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። በቤንዲጎ ከተማ መድኃኒት ቤት ነበረው፤ ፊልም የሚያጥበውም እሱ ስለነበር የከተማው ሰርግና ልደት ሁሉ በእጁ አልፏል። ጡረታ ሲወጣ ሚስቱ ኤድና የመኪና ማቆሚያውን ለቀቀችለት። ካሜራዎቹ እዚያ ተደርድረዋል፤ የእንጨቱ፣ የናሱ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው የሚያነሱበት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳጌሮታይፕ። ፊልም ከመፈጠሩ በፊት፣ ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይነሳ የነበረ ፎቶ ነው። በአገሩ የተነሱት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ሙዚየም ገብተዋል። አይቮር ሁለት ጊዜ ጨረታ ገብቶ ሁለቴም ተሸንፏል።

ግሌኒስ ትሬምባዝ ደግሞ የተማሪዎች አውቶቡስ ሾፌር ናት። የካሜራ ሰብሳቢዎች ማኅበር ከገባች ገና ስምንት ወሯ ነው። ስትስቅ አዳራሹ ይሞላል፤ የማታውቀውን ሳታፍር ትጠይቃለች፤ ሰዉም ወዷታል። አይቮርን የከነከነው ዕድሏ ነበር። እሱ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የሚጻጻፍበትን ዕቃ እሷ በእሑድ ገበያ ከአሮጌ ጫማ ሥር መዘዝ ታደርገዋለች። ለኤድና ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አንድ ቅዳሜ ማኅበርተኛው ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ ግሌኒስ አይቮርን ወደ መስኮቱ ጠራችው። ከቦርሳዋ መዳፍ የማታክል፣ በቆዳ የተለበጠች ማኅደር አወጣች።

«ኤልሞር መንደር አንድ የእርሻ ቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ ሳጥን ክር ገዛሁ። ከክሩ ሥር ይህ ወጣ። አንተ ሳታየው ለማንም አላሳይም ብዬ ነው።»

አይቮር ማኅደሯን ከፈታት። መጀመሪያ ያየው የራሱን ፊት ነበር፤ እንደ መስታወት። ዘንበል ሲያደርጋት አንዲት ሴት ብቅ አለች። ከሸራ ድንኳን ፊት ተቀምጣ ሕፃን አቅፋለች፤ ሕፃኑ አንጋጦ ያያታል። ወርቅ ቆፋሪዎች አገሩን በድንኳን የሞሉበት የድሮው ዘመን ነው። አይቮር እንዲህ ያለ ነገር በሥዕል መጽሐፍ እንኳ አላየም። ሁለት ጊዜ በጨረታ ያጣው ዳጌሮታይፕ ይኸው ነበር፤ ማኅደሯን ዘግቶ መለሰላት።

«የድሮ የመስታወት ፎቶ ነው» አላት። «ሞልቷል።»

«እንግዲያው ብዙም አልጨነቅም። ጭጋግ ለብሷል፤ የመስታወት ክዳኑን አውልቄ በጥጥ ጠረግ ባደርገውስ?»

የብሩ ሥዕል እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ብናኝ መሆኑን፣ ጥጥ ከነካው እንደማይመለስ አይቮር ያውቃል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዓይኑን ወደ ሻይ ቀጂዎቹ መለሰ።

«እንደመሰለሽ» አላት።

እራት ላይ ስለ ሰሌዳው ለኤድና ነገራት። እሷም ነገሩ ሲገባት፣ እንዳትነካው ነግሯት እንደሆነ ጠየቀችው። አይቮር ድንቹን መቁረጥ ቀጠለ። የግሌኒስ እጅ ወፍራም ነው፣ ዕቃ አያያዝ አታውቅም፣ የሚገባው ለእኔ ነበር እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት አደረ። ሲነጋ ከሙግቱ ሥር ያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ያጣሁትን እሷም ትጣው። ይህን ሲያይ ራሱን ፈራ። ቁርሱን ትቶ መኪናውን አስነሳ።

ሲደርስ ግሌኒስ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ነጥቷል። ክዳኑ ወልቋል፤ ጥጡ አጠገቡ ነው። የሴትዮዋ ራስ የነበረበት ቦታ ባዶ ብር ሆኖ ያበራል። ሕፃኑ አሁንም አንጋጦ ያያል።

«አንዴ ብቻ ነው የነካሁት» አለች። «አቧራ መስሎኝ።»

«አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዳጌሮታይፕ መሆኑን። ከተነካ እንደሚጠፋም።»

ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችው። «ታዲያ ለምን?»

«ቀንቼ።»

ግሌኒስ ጥጡን አንስታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው። «በኔ አውቶቡስ እንዲህ የሚያደርጉት የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው» አለች። «እነሱም ቢሆኑ አድገው ይተዉታል።»

አይቮር የቀረው እንዳይበላሽ ክዳኑን በወረቀት ላሽግልሽ ብሎ ለመናት። እሷም ከአጠገቡ ቆማ፣ ዓይኗን ከእጁ ሳትነቅል አሳሸገችው። በሚቀጥለው ስብሰባ አይቮር ቆሞ የሆነውን ሁሉ ለማኅበሩ ተናገረ። አንዳንዶቹ ሰላምታ ነሡት። ግሌኒስ ሰላም ትለዋለች፤ ዕቃ ግን ዳግመኛ አላሳየችውም።

በጸደይ ማኅበሩ በከተማው አዳራሽ ኤግዚቢሽን አደረገ። ግሌኒስ ያቺን ማኅደር «የእናቲቱን ፊት ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ከሚል ጽሑፍ ጋር አስቀመጠች። ስለ አይቮር አንድ ቃል አልጻፈችም። ሰዉ ተሰልፎ አየላት፤ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ እየተመለሰ። አይቮር አርባ ዓመት ካወለወላቸው ካሜራዎች ኋላ ቆሞ ሰልፉን ይቆጥር ነበር። ያቺ የተበላሸች ሰሌዳ የኔ በሆነች ብሎ ተመኘ፤ መመኘቱንም ለኤድና እንኳ አልነገራትም።