ወደ ላይ የወጣው ጭስ

ሞጣ ዳር አዲስ የተሠራው የግሉኮስ ፋብሪካ ሊመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የፋብሪካው ከፍተኛ መሐንዲስ ስርጉት ግሉኮሱ ጠርሙስ ውስጥ ወደሚሞላበት ንጹሕ ክፍል ገባች። እዚያ ሰው እንደ ልቡ አይራመድም። ዓይን ብቻ በሚያሳይ ነጭ ልብስ ተጀቡኖ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የቸኮለ እጅ አየሩን ያምሰዋልና።

የዚያን ቀን ሥራዋ የአየሩን መንገድ በዓይን ማየት ነበር። የሥራ ባልደረባዋ አስናቀች ነጭ ጭስ ለቀቀች። ጭሱ ከጣሪያው ማጣሪያ ሥር ተነሥቶ፣ አፋቸው ክፍት በሆኑት ጠርሙሶች ላይ ድምፅ እንደሌለው ፏፏቴ ወረደ። ስርጉት ፈዝዛ ታየው ጀመር። አስናቀች ጠርሙስ ልታቃና እጇን ስትዘረጋ ግን፣ ጭሱ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተጠቀለለና ሽቅብ ተመለሰ።

ስርጉት ክው አለች። ከታች የተነሣው አየር ጀርም ይዞ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው። ያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ምንይሉ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

"እንግዳ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል። ለጭስ ብለሽ ምርቃት ታስቀሪ?"

"ጠረጴዛው አየር ማሳለፊያ የለውም፤ ተነሥቶ እንደገና ይሠራ። እስከዚያ ክፍሉ ለሥራ ብቁ ነው ብዬ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ቤትሽ ሂጂ። አስብበታለሁ።"

ሥራዋን ያጣች እየመሰላት ቢቸና ስትደርስ የእናቷ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ወለተ ገብርኤል፣ "ሆዳቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ተኝተዋል" አለቻት። ባጃጅ ይዛ ከነፈች።

እናቷ ወይዘሮ ዘርፈሽ ግሉኮስ ክንዳቸው ላይ ተሰክቶላቸው አሸልበዋል። ስርጉት አጠገባቸው ተቀመጠች። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፈሳሹን አበራችው። ጠብ ይላል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። የተሠራው ሩቅ አገር ነው። እዚያ የማታውቃት አንዲት ሴት፣ ነጭ ለብሳ ቀስ ብላ ስትራመድ፣ ከዚያም ቆም ብላ "አልፈርምም" ስትል የሰማቻት መሰላት። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ አልለየችውም።

"ይኼ ያንቺ ሥራ ነው?" አሉ እናቷ ዓይናቸውን ገልጠው።

"አይደለም እማዬ። የሌላ ሰው ነው።"

"ታውቂዋለሽ?"

"አላውቀውም።"

"ማንም ይሁን፣ እግዜር ይስጠው" አሉና መልሰው ተኙ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ምንይሉ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ኮሰተረ ነው።

"ድንኳኑን አስነቅያለሁ። ብረት ሠሪም ተገኝቷል። ጠረጴዛው እንዴት እንደሚሆን መጥተሽ አሳዪው።"

"እናቴ ትንሽ ይሻላቸውና እመጣለሁ" አለች ስርጉት።

ዞር ስትል፣ ወይዘሮ ዘርፈሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጋሉ።