ቀዩን አንሣለት

ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ «ወርቅአየሁ የጽሕፈት አገልግሎት፣ ቆሰበር» የሚል ሰሌዳ አለ። ከተማዋ በወረቀት እንጅባራ ከተባለች ቆይታለች። ሰሌዳውን ለማስተካከል ግን ቀለም ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ደግሞ አልቋል።

ወርቅአየሁ ሙያውን የጀመረው ዳንግላ፣ በታይፕ ነበር። ታይፕ አስተያየት አይሰጥም። «ለክቡር ኃላፊው» ማለት አስበህ «ለከባዱ ኃላፊ» ብትል ዝም ብሎ ይመታልሃል፤ ጣጣው የአንተ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ሰላም ቀረ። ብሮውዘሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ቃል ማሽኑ ካላወቀው ከሥሩ ቀይ ጥምዝምዝ መስመር ያሰምርበታል። የፈረንጅ ስም ሲያይ አይናገርም። የዚህን አገር ሰው ግን አንድም አያውቅ።

መጀመሪያ ቅሬታ ያቀረቡት አያ ይሄነው ናቸው። ነገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የድንች ዘር የሚያድል ድርጅት ፎርሙ በእንግሊዝኛ ይሞላ ብሎ ኖሮ፣ ፈረሳቸውን ከመብራት እንጨቱ ጋር አስረው ገቡ። ወርቅአየሁ ስማቸውን ሲጽፍ ከኋላው አጎንብሰው ያያሉ።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ምንም አይደል። አላወቀዎትም ማለት ነው።»

«ማነው ያላወቀኝ?»

«ማሽኑ።»

«ማንን ያውቃል ታዲያ?»

ወርቅአየሁ ለማስረዳት ያህል «ጆን» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ቀይ አልመጣም።

«ጆንን አውቆ እኔን አላወቀም!» አሉ አያ ይሄነው። «ስማ ልጄ፣ ከስሙ ሥር ቀይ የተሰመረበት ሰው ተፈላጊ ነው። በደርግ ጊዜ አይቻለሁ። ቀዩን ካላነሣህልኝ ዘሩም ይቅር።»

ወርቅአየሁ የማውሱን ቀኝ ጆሮ ጫን አለ። «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» የሚል መጣ። ጨመረ። ቀዩ ጠፋ።

«አሁን አወቀኝ?»

«አወቀዎት።»

ዘሩ የደረሳቸው በዓመቱ ነው፤ ወሬው ግን በሳምንቱ አገሩን አዳረሰ። «ይሄነው ስሙን ቆሰበር አስመዝግቦ መጣ» ተባለ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በሩ ላይ ፈረስ ይታሰር ጀመር። የሚያስጽፈው የሌለው ሰው ሳይቀር ይመጣል፤ ስሙን ያስጽፋል፤ ቀዩ ሲነሣ ያያል፤ ይሄዳል። አንዱ የፈረሱን ስም ይዞ መጥቶ ነበር። ወርቅአየሁ ትንሽ አመነታና ጨመረለት፤ ፈረሱ ከባለቤቱ ይልቅ ስመ ጥር ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስሞቹ ሦስት ሺህ ገደማ ሆኑ። ክረምት ላይ ጭጋጉ መንገዱን ሲውጠውና ሥራ ሲጠፋ፣ ወርቅአየሁ ዝርዝሩን ይከፍትና ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። ማሽኑ በፊደል ተራ አሰልፏቸዋል። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ የሞተውም፣ ያለውም፣ ፈረሱም። እያንዳንዱን ሲያነብ ሰውየው ይመጣበታል፤ ማን ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ እንደገባ፣ ማን ስሙን ሲጠሩት እንዳፈረ፣ ማን ቀዩ ሲነሣ እልል እንዳለ። አሁን በሩ ላይ የሚቆመው ባጃጅ ነው። ሰውም ስሙን ራሱ በስልኩ ይጽፋል፤ ቀይ ቢሆን ቢጫ ቢሆን ግድ የለውም።

ከዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም የሚመጡት የአያ ይሄነው ባለቤት፣ እትዬ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። አያ ይሄነው ካረፉ አምስት ዓመታቸው ነው። በሕይወታቸው የተነሡት ፎቶ አንድ ሲሆን እሱም መታወቂያቸው ላይ የነበረው ነው፤ መታወቂያው ከነኮታቸው በዝናብ በስብሷል። ስለዚህ ደብሪቱ በየዓመቱ በሙት ዓመታቸው ሰሞን በገበያ ቀን ይመጣሉ። ወርቅአየሁ ስሙን ይጽፋል። ቀይ አይመጣም። እሳቸው ጥቂት ያዩና «አሁንም ያውቀዋል» ብለው ወደ ጨው ተራ ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ደብሪቱ የሚመጡበት ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ብሮውዘሩ እንዳረጀ በሬ ተኛ፤ ቢጎትቱት አይነሣም። ኮምፒውተር የምትጠግነው ናርዶስ መጥታ ሩብ ሰዓት ነካካችው።

«በቃ ጋሽ ወርቄ፣ አሮጌውን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ አዲስ ጭኜልዎታለሁ።»

«ስሞቹስ?»

«የምን ስሞች?»

«መዝገበ ቃላቱ ላይ የጨመርኳቸው።»

«እሱማ አብሮ ይጠፋል። በአካውንትዎ ገብተው ቢሆን ኖሮ ተቀምጦ ይጠብቅዎት ነበር።» ስክሪኑን ዞር ብላ አየች። «አካውንት የለዎትም እንዴ?»

አልነበረውም። አካውንት ልክፈት ሲል ማሽኑ ስምህ ማነው ይላል። የሦስት ሺህ ሰው ስም አሳልፎ የሰጠው ወርቅአየሁ የራሱን ሲጠየቅ ፈርቶ ነበር።

«ብዙ ነበሩ?»

«ጥቂት ናቸው» አላት፤ ልጅቱ ምን አጠፋች ብሎ።

ናርዶስ ስትወጣ ዝርዝሩን ከፈተው። ምንም ቃል አልተጨመረም ይላል። ያችን ዐረፍተ ነገር ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አያት። ከዚያ በቃሉ ሊመልሳቸው ሞከረ። ስልሳ ያህል አገኘ። መጀመሪያ የመጣለት ፈረሱ ነው።

የይሄነው አጻጻፍ ግን አልመጣ አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱን ስም ሦስት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ የትኛውን እንደጻፈ ማን ያውቃል? በየዓመቱም የሚጽፈው ከዝርዝሩ እያየ ነበር። በገበያው ቀን ጠዋት፣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ የመጣውን፣ ሰውነት የሚባለውን የእንግሊዝኛ መምህር ጠየቀው።

«ከ‹ዋይ› ቀጥሎ ‹ኢ› ነው እንጂ ‹አይ› አይደለም» አለ ሰውነት። «ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የቋንቋ!»

ወርቅአየሁ ልቡ አልተቀበለውም። ቢሆንም ደብሪቱ ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀይ እስካልታየ ድረስ ምን ያውቃሉ ብሎ ተከፍቶ በነበረው የመምህሩ ደብዳቤ ግርጌ የአያ ይሄነውን ስም በሕጉ መሠረት ጻፈ፤ ጨመረው፤ ቀዩን አነሣ።

ደብሪቱ ገቡ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ስክሪኑን አዩ። ከወትሮው ይልቅ ብዙ አዩ።

«ይሄ ማነው?»

«አያ ይሄነው ናቸዋ።»

«አይደለም።»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይኸው ቀይ የለውም እኮ።»

«ቀይ የሌለው ሁሉ ባሌ ነው እንዴ?»

ሰውነት ሳቁን በሳል አሳለፈው። ደብሪቱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ፊደል ባልቆጥርም ይሄነውን አውቀዋለሁ። መንሹ አለ፤ ደኅና። ከመንሹ ቀጥላ አንዲት ካስማ ነበረች፤ ዝንብ አናቷ ላይ ያረፈባት። የታለች? ይሄ የተጠቀለለው ጆሮ ከወንበሩ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ምን አባቱ ቀድሞ ተጎለተ? ከጆሮው በሩ፣ ከዚያ ሌላው ጆሮ፣ መጨረሻ የበሬ ቀንዱ። አምና እንዲህ ነበር። ካቻምናም እንዲህ ነበር።»

ወርቅአየሁ ማሽኑ ላይ ሊያሳብብ አፉን ከፈተና ተወው።

«ጠፋብኝ፣ እትዬ። ሁሉም ጠፉ። ማሽኑ ታሞ ሲታከም ያወቀውን ሰው ሁሉ ረሳ። ይሄንን ዛሬ ጠዋት በግምት ነው የጻፍኩት።»

ደብሪቱ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወርቅአየሁ አገውኛ የሚሰማው ግማሹን ነው፤ ግማሹም በቃው።

«ታዲያ ለምን ታታልለኛለህ?»

«ያዝናሉ ብዬ።»

«ያዘንኩትስ እሱ ሲሞት ነው። አሁን ተናድጃለሁ፤ ይሄ ሌላ ነው። በል ጻፍ። መንሽ!»

መንሹን፣ ‹ዋይ›ን፣ ጻፈ።

«ካስማዋን፣ ከነዝንቧ።»

ጻፈ። ወንበሩን፣ ጆሮውን፣ በሩን፣ ሁለተኛውን ጆሮ። ቀንዱ ሲያበቃ ቀዩ ከሥሩ እየተጠማዘዘ ወጣ፤ ቁርጥ እንደ ያኔው። «ማነው ያላወቀኝ?» የሚለው ድምፅ ከኋላው የመጣ መሰለውና ወርቅአየሁ ወደ በሩ ዞረ። ፈረስ የለም። የባጃጁ ሾፌር ክሽ ክሽ ያለ ዘፈን ከፍቶ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

«ቀዩን አንሣለት» አሉ ደብሪቱ።

«እርስዎ ያንሡለት።»

እጃቸውን ማውሱ ላይ አሳረፈላቸው። ጫጩት እንደያዘ ሰው ነበር የያዙት። «ቀኝ ጆሮውን ጫን ያድርጉ። አዎ። አሁን እዚች ላይ፣ በግራው።»

ቀዩ ጠፋ።

«አወቀው?»

«አወቃቸው።»

ደብሪቱ ስሙን ከመንሹ እስከ ቀንዱ አንድ በአንድ አዩት። ሰውነት ግን መምህር ነው፤ ሳያርም ማለፍ አልቻለም።

«እትዬ፣ በሕጉ ቢሆን እኮ ሁለተኛው ፊደል...»

«ማሽኑ ዝም ብሏል» አሉት ሳይዞሩ። «አንተ ምን ቤት ነህ?»

ከዚያ ዓይናቸው ከደብዳቤው ግርጌ ወደ አናቱ ወጣ።

«ይሄስ፣ እላይ ያለው፣ ቀይ የተሰመረበት ማነው?»

ሰውነት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ።»

ደብሪቱ ማውሱን አልለቀቁም ነበር። በዘንቢላቸው በኩል ቦታ ለቀቁለት።

«ና፣ ጠጋ በል እስቲ» አሉት። «የማን ልጅ ነህ?»