የአጥር ማዶ ጎመን

ያለምዘውድ በስደት በምትኖርበት ዞሰንሃይም ውስጥ የአትክልት ቦታ ስትከራይ የፈለገችው ጎመን ብቻ አልነበረም። ለማንም አትናገረው እንጂ፣ በአጥር ማዶ ያሉትን ወይዘሮ ኣብረኸትን መብለጥ ፈልጋ ነበር።

ኣብረኸት ከአሥመራ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ከጽዳት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል። መሬታቸው ጠባብ ነው፤ ግማሹን የዛፍ ጥላ ይዞታል። ግን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራቸው ላይ ሰው አይጠፋም። አንዷ ጎመን ትቆርጣለች፣ አንዱ ቃሪያ ይለቅማል፤ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም።

የያለምዘውድ መሬት ሰፊ ነው፤ ፀሐይም አይጠፋበትም። አረጋውያን ከምትንከባከብበት ሥራዋ ስትወጣ እዚያው ታመሻለች። በሐምሌ ጎመኗ ጉልበቷ ድረስ ደረሰ። የሚበሉት እሷና ልጇ ልዕልት ብቻ ናቸውና ፍሪዘሩ ሞላ፤ የቀረው እዚያው እንደቆመ ቢጫ ሆነ። በሩን ግን ሁልጊዜ ትቆልፋለች።

"ለፍቼ ያበቀልኩትን ማንም መጥቶ አይለቅመውም!" ትላለች። ወዲያው ደግሞ ከማዶ ሳቅ ስትሰማ ሆዷ ይቃጠላል። "በዚያ ልፍስፍስ ጎመን እንዲህ መወደድ!"

በነሐሴ ዝናብ ጠፋ። የኣብረኸት ቧንቧ ከመሬት ሥር ፈነዳና ውሃቸው ተዘጋ። ጠጋኙ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ የሰጣቸው ለመስከረም ነበር። ያለምዘውድ ጎመናቸው ሲጠወልግ በአጥሩ ቀዳዳ አየች፤ ደስ አላት። ደስታዋ ራሷን አስደነገጣት፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ቅዳሜ ስትመጣ ሰዎች ባልዲ ተሸክመው መንገዱን ሞልተውታል። ከመንገዱ ጫፍ ካለው የጋራ ቧንቧ እየቀዱ ወደ ኣብረኸት ያመላልሳሉ። ኤርፖርት የሚሠራው ፍሬው የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ከመካከላቸው ልዕልትን አየቻት፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል።

"ልዕልት! ነይ ወዲህ!"

"ግላይሽ፣ ማማ! አሁን እመጣለሁ!" አለች ልጅቱ፣ ዞራም ሳታያት።

ያለምዘውድ ገብታ በሩን ቆለፈች። ለምለሙ ጎመኗ መሃል ቆማ አለቀሰች። "የኔ ቧንቧ ቢፈነዳስ፣ ማን ባልዲ ይይዝልኛል?" በዚያች በደረቀች መሬት ቀናች፤ በሕይወቷ እንዲህ ቀንታ አታውቅም።

ብዙ ቆይታ የውሃ ጎማዋን ፈታችና በአጥሩ ላይ አሳለፈችው።

"እማማ ኣብረኸት፣ ይህን ይያዙልኝ፤ ልክፈተው።"

ኣብረኸት ጎማውን ተቀበሉ። "ተባረኪ፣ ጓለይ፣ ልጄ።"

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"በርሽ ተቆልፎ አየሁት። ሰው እንዲመጣባት አትፈልግም ብዬ ነው።"

ያለምዘውድ አንገቷን ደፋች። "ጎመኔ እየተበላሸ ነው። ይቁረጡ ብለው ይንገሩልኝ።"

"አንቺ ንገሪያቸው፤ ያንቺ ጎመን አይደል?"

በሩን ከፍታ ተጣራች። መጀመሪያ የመጣው ፍሬው ነው። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ልዕልት ከጎመኑ ጀርባ ያለውን ቃሪያ እየሮጠች አሳየቻቸው።

ሁሉም እቅፍ እቅፍ ይዘው፣ መርቀዋት ወጡ። ከዚያ ግን ተመልሰው የተቀመጡት ኣብረኸት ዘንድ፣ ጥላው ሥር ነበር። ያለምዘውድ ጎመን የቆረጠችበትን ቢላዋ እንደያዘች ከሩቅ አየቻቸው፤ ያው ቃጠሎ መጣባት።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ቦታ አለ እኮ!" አለ ፍሬው፣ ጠጋ ብሎ።

ቅናቷ አልለቀቃትም። ቢሆንም ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።