ከኋላ የሚቀዝፈው

ከባሌ ጋር ተኮራርፈን ነው ወደ ወንዙ የወረድነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ "የአባትሽን ጀልባ እንሽጣት" ብሎኝ ደሜ ፈልቷል። አባቴን ባለፈው ክረምት ይሄ ወንዝ ወሰደው። ጀልባዋ ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። የምንቀብረው እንኳ አላገኘንም፤ እሷን ደግሞ ልሽጥ?

ማዶ ለምትኖረው እናቴ ዱቄት ልናደርስ ነበር። ጀልባ ስንገፋ አባቴ ያስለመደን ሥርዓት አለ። ፊት የሚቀዝፈው የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አስሮ ቀድሞ ይቀመጣል። የኋለኛው ገፍቶ ይገባና የጀልባዋን ጠርዝ ሁለቴ ያንኳኳል፤ "ገብቻለሁ፣ ቅዘፍ" ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ፊት ያለው መዞር የለበትም። ጠባብ ናት፤ ወገብ ሲዞርባት ትገለበጣለች። "ወሬ ካማረሽ ወደ ፊት እያየሽ አውሪ" ይለኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

የጠዋቱ ጉም የመቅዘፊያዬን ጫፍ እንኳ አላሳይ ብሎኛል። ጀልባዋ ተገፋች፤ ኋላዋ ዝቅ አለ፤ ጠርዙ ሁለቴ ተንኳኳ። ባሌ ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ትንፍሽ ላልል ምዬ ስለነበር ዝም ብዬ ቀዘፍኩ። ደግሞ ዛሬ መቅዘፉን እንዴት ያሳምረዋል! ወትሮ ውኃ እየረጨ ጀርባዬን ያጥበኛል፤ ዛሬ አንዲት ጠብታ የለችም። ዋናው ወራጅ ውኃ ላይ ስንደርስ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ውኃው መምጫ አቅንቶ ቀስ አድርጎ ያሻግራት ጀመር።

ያኔ የባሌን ጩኸት ሰማሁ። ከሩቅ፣ ከተነሳንበት ዳር።

"አንቺ ሴትዮ! እግሬን ጭቃ ይዞኝ እኮ ነው! ጥለሽኝ የት ትሄጃለሽ? መቅዘፊያዬም እኔ ጋ ነው!"

መቅዘፌን አቆምኩ። ከኋላዬ ግን መቅዘፉ አልቆመም።

"አባዬ?" አልኩ፣ ወደ ፊት እያየሁ።

የጃኬቴ የጀርባ ማሰሪያ ሳብ ተደርጎ ጠበቀ። ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበር የሚያጠብቅልኝ። ፈራሁ፤ ናፍቆቴ ግን ከፍርሃቴ ባሰ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ፊቱን ባየው! ወገቤን ዞር ሳደርግ ጀልባዋ ተንገዳገደች፤ ውኃ ዘልቆ ጉልበቴን ነካኝ። ከኋላዬ ጠርዙ ተመታ፣ በቁጣ። ጥርሴን ነክሼ ቀዘፍኩ፤ እንባዬ ይወርዳል።

ጀልባዋ አሸዋ ነካች። አሁን ብዞር አልሰጥምም። ግን ኋላዬ ባዶ ቢሆንስ? አንገቴ እምቢ አለኝ።

እናቴ ወርዳ ገመዱን ተቀበለችኝ። እንደ ወትሮው አልሳመችኝም። በትከሻዬ አሻግራ ወደ ኋላ አየችና ድሮ አባቴ ጭቃ ይዞ ሲመጣ እንደምታደርገው ፊቷን ኮስተር አደረገች።

"ጫማህን እዚያው አውልቅ" አለች። "ቤቱን አሁን ነው የጠረግሁት።"