የዘበኛው ጆሮ

ልብስ ሰፊዋ ለአንዲት መስመር ጽሑፍ ስትል የቤተ መጻሕፍቱን ደጅ መጥናት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው። ዛሬ ነገ እያሉ ሲያመላልሷት ቆሽቷ አርሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመግቢያው አዳራሽ፣ በእብነ በረድ መቆሚያ ላይ፣ ከደረት በላይ ብቻ የተሠራ አሮጌ የነሐስ ምስል አለ። እብነ በረዱ ላይ የተቀረጸው የመሥራቹ ስም ነው። ፊቱ ግን የአባቷ ነው። ያኔ፣ እሷ ሳትወለድ፣ ትልቁ ሰውዬ ለቀራጺው የሚቀመጡበት ጊዜ አጡ፤ ቀራጺውም ምን ያድርግ፣ የበሩን ዘበኛ ጠርቶ በርጩማ ላይ ጎለተው። አባቷ አንድም ፎቶ ሳይነሳ ሞተ። መልኩ የቀረው እዚህ ነሐስ ላይ ብቻ ነው። እሷም የምትለምነው ከስሙ ሥር «ፊቱ የዘበኛው ነው» ተብሎ እንዲጻፍላት ነው። ይህ ምን ይከብዳል?

ሥራ አስኪያጁን ከበደው። ሐውልት ያየ ሁሉ ዘመዴን መሰለ ይላል ብሎ ሁለቴ መለሳት። በሦስተኛው ግን እየነዘነዘች ምስሉ ፊት አቆመችውና ግራ ጆሮውን አሳየችው። ጫፉ ተጎርዷል።

«አባቴን ሌባ ሲያባርር ውሻ ነክሶት ነው» አለችው። «የመሥራቹ ጆሮ እንዲህ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ የመሥራቹን ፎቶግራፍ አስመጣ። አየ፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ሁለቱም ጆሮዎች ሙሉ ናቸው።

«እውነትዎን ነው እናቴ» አለ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ማናችንም ልብ አላልንም። የዛሬ ሳምንት ይምጡ።»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ ስታወራ ከረመች።

በቀጠሮዋ ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። መጀመሪያ ያየችው እብነ በረዱን ነው፤ አንድም ፊደል አልተጨመረበትም። ቀና ስትል ጆሮው ሙሉ ሆኗል። አንድ ብረት ሠራተኛ ጉርዱን ሞልቶ፣ ሞርዶ፣ ቀለሙን አመሳስሎታል። ዕድሜ ልኳን ስፌት የዳሰሱት ጣቶቿ እንኳ መጋጠሚያውን አላገኙትም።

ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት መጣ። በእሷ ጥቆማ የቆየ ስሕተት መታረሙን ነግሮ አመሰገናት።

«ሌላ ያዩት ጉድለት ካለ ይንገሩን» አለ። «ባለሙያው ገና አልሄደም።»

የምስሉን ፊት ደግማ አየችው። ቅንድቡ መሃል ጠባሳ አለ። አፍንጫውም ወደ ቀኝ ጠመም ያለ ነው፤ እናቷ ሁሌ ትስቅበት ነበር። ፈጠን ብላ ምስሉን በጀርባዋ ከለለችው።

«የለም» አለች። «ሌላው ቁርጥ መሥራቹን ነው።»