እትዬ ሊፍት የሰፋው ቁልፍ

ለቅሶ ቤት ሄጄ እዋሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀብላኝ «በማን በኩል ነው የሚያውቁን፣ እናቴ?» ስትለኝ አፌ ቀደመኝና «የእናትሽ ጓደኛ ነበርኩ» አልኳት። እናቷን በሕይወቴ አግኝቻት አላውቅም። የመጣሁት ለአባቷ ነው። እሱንም ቢሆን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቄን ዘጋሁ፤ ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጬ ሰው መቆጣት ሥራዬ ሆነ። ልጄ ሲመረው አንድ ስልክ ገዛልኝና እኩዮቼ ያሉበት ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። «ጡረታ የለም» ይባላል። አርባ ምናምን ሽማግሌና አሮጊት በየጠዋቱ ስለ ጉልበቱ የሚያወራበት ነው። እኔም ምላሴ አያርፍምና ሳምንት ሳይሞላኝ «መቀስ» የሚል ስም አወጡልኝ።

የልጅቷ አባት ግሩፑ ውስጥ የገባው ከኔ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች አንዲት ፈገግተኛ ሴት ስለነበረች ሁላችንም «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እትዬ» አልነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እትዬ ስንለው አንድም ቀን አላረመንም። ኋላ አንድ ጠዋት የድምፅ መልእክት ላከ፤ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ለካ ስልኩ የሟች ሚስቱ ኖሯል። «ፎቶዋን ላወርደው ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አለ። ጡረታ የወጣ ሊፍት ጠጋኝ ነበርና ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሊፍት ሆኖ ቀረ። ስሙን እሱም ወደደው።

መልእክቱን የላከው ግን ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ነበር። «ተበጥሶ ወደቀብኝ። የምትሰፋልኝ ባለቤቴ ነበረች። እንዴት ነው የሚሰፋው?» አንዱ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው አለው፣ አንዷ ሌላ ሸሚዝ ግዛ አለችው። እኔ ነደደኝ። «ያን ሁሉ ፎቅ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው አንዲት ቁልፍ ታቅተዋለች? ክብሪት አለህ?» አልኩት።

ክብሪቱ ለምን መሰላችሁ፤ እንጨቱ በቁልፉና በጨርቁ መሃል ይገባና ክሩ በላዩ ይመላለሳል። እንጨቱ ሲወጣ ቁልፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። በዚያች ክፍተት ክሩን አራት ጊዜ መጠምጠም፣ ቋጠሮውን ከሥር መደበቅ። ይኸው ነው። እሱ ግን ይሰፋል፣ ፎቶ ይልካል፤ እቆጣለሁ፣ ይፈታዋል። በአምስተኛው ፎቶ ሥር አንዲት ቃል ጻፈ፦ «ጠበቀ።»

ከቁልፍ ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ሱሪ እግር ተሻገርን። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ «ጠበቀ» ይላል፣ እኔ «ስፌትህ ጠማማ ነው» እላለሁ። አንድ ጊዜ ተገናኝተን ሻይ እንጠጣ ቢለኝ «መጀመሪያ ስፌትህን አቅና» ብዬ መለስኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ሱቄን ስዘጋ ከእንግዲህ ለማንም አልረባም ብዬ ነበር። እሱ ነው ጠዋት የምነሳበት ጉዳይ የሰጠኝ። ይህን ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ሴት ልጁ «አባታችን አርፏል» ብላ የቤቱን አድራሻ ግሩፑ ላይ ጻፈች።

ልጄ ስነፋረቅ አይቶ «እማዬ፣ አይተሽው ለማታውቂው ሰው ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለኝ።

«አንተንስ አይቼህ ምን ተረፈኝ» አልኩትና ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ። አመሰግናለሁ ሳልለው ቀርቻለሁ፤ ቢያንስ የሱ የሆነ ሰው ይስማልኝ ብዬ ነው። እበሩ ስደርስ ግን አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ የስልክ ጓደኛው ነኝ ይባላል?

ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ሞልተውታል። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ አለ። ሴትየዋን ወዲያው አወቅኳት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳወራት የኖርኩት እሷን ነው። አጠገቧ አንገቱ የቀጠነ፣ ጆሮው ትልልቅ ሰውዬ አለ። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህ አንገት ነው የሚወጣው ብዬ ገረመኝ።

ልጅቷ ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እናቴን የት ነበር የሚያውቋት? የሷን ነገር የሚያጫውተኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ» አለችኝ፤ ዓይኗ በራ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ለማደርም አልበቃ። ፊቷን ማየት አቃተኝና አቀረቀርኩ። ዓይኔ የጥቁር ጃኬቷ መሃለኛ ቁልፍ ላይ አረፈ። ትንሽ ከፍ ብሏል። ክሩ አራት ጊዜ ተጠምጥሟል። ቋጠሮው አይታይም። ስፌቱ ወደ ግራ ጠመም ብሏል።

«ይህን ማን ሰፋልሽ?»

«አባዬ ነው።»

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «እናትሽን አላውቃትም። አባትሽን የማውቀው በስልክ ነው፤ ይህን ስፌት ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

በቃ ውጪልኝ ልትለኝ ነው አልኩ። እሷ እቴ፣ ዞር ብላ ጥግ ለተቀመጡት ሴት «አክስቴ፣ መቀስ መጥተዋል!» አለቻቸው።

አክስቲቱም «ውይ፣ ያቺ ተቆጪዋ?» ብለው ብድግ አሉ።

«ስደውልለት 'ቆይ፣ መቀስ እየተቆጣችኝ ነው' ብሎ ይዘጋብኝ ነበር» አለችኝ ልጅቷ። «ኩሽና ውስጥ ድምፅዎን ከፍቶ ብቻውን ይስቃል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚቆጣው ሰው አልነበረውም። እርስዎን ካገኘ በኋላ ነው መብላትም የጀመረው።»

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። እኔ ላመሰግን መጥቼ እነሱ አመሰገኑኝ።

ቆይታ አንድ ግራጫ ካፖርት አመጣች። የታችኛው ቁልፍ በግማሽ ክር ተንጠልጥሏል፤ መርፌው እንደተሰካ ነው። ሲሰፋው ነበር። «ይጨርሱልኛል?» አለችኝ። የሚንቀጠቀጠውን እጄን አሳየኋት።

«ክብሪት አለሽ?» አልኳት።

ያ ሁሉ ሰው እያየ እሷ ሰፋች፣ እኔ ተቆጣሁ። አንድ ጊዜ አስፈታኋት። በሁለተኛው ክሩን በጥርሷ በጥሳ ካፖርቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉን ጎተትኩት። ቀጥሎ የጃኬቷን፣ እሱ የሰፋውን ጎተትኩ። ንቅንቅ አላለም።

ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለትልቅ ጆሮ ሰውዬ አየሁት።

«ስፌትህ ጠማማ ነው» አልኩት። «ግን ጠብቋል። እግዜር ይስጥልኝ።»